የገባውና የወጣው፦ አንድን ኬሚካል በአይጥ ሰውነት ውስጥ ተከትሎ ሒሳብ መዝጋት

ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ይሞቃል። የአይጥ ሽንት ያለበትን ቱቦ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ቡናም ጠጥታችሁ ብትመለሱ፣ ቱቦው እንዳስቀመጣችሁት ይጠብቃችኋል። ቀለሙም ያው፣ መጠኑም ያው። ልትለኩት የፈለጋችሁትን ነገር ግን ባክቴሪያ መብላት ጀምሯል። ይህን ያወቅሁት አንድ ሙሉ ሙከራ ከተበላሸብኝ በኋላ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ማስተርስ የሚጀምሩ ልጆች ጣና ዳር ሻይ ስንጠጣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። አንድ የፋብሪካ ኬሚካል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? በየት በኩልስ ይወጣል? ጥያቄው ትልቅ ይመስላል። ሥራው ግን የዕድር ገንዘብ ያዥ ሥራ ነው። የገባው፣ የወጣውና የቀረው ካልተጋጠመ አንድ ቦታ ላይ የጠፋ ነገር አለ። ያ የጠፋው እስኪገኝ ድረስ ስለ ጉበትም ስለ ኩላሊትም ብታወሩ ማንም አይሰማችሁም።

ስለዚህ ውድ መሣሪያ ሳይኖር የሚሠራ አንድ ሙከራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳያችኋለሁ። ኬሚካሉ ሶዲየም ቤንዞኤት ነው። ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይ ኢ 211 የሚል ካያችሁ እሱ ነው። በፋብሪካ የሚመረት፣ ርካሽ፣ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ዱቄት። እንስሳው ላብራቶሪ ውስጥ ራት የምንለው ትልቁ ነጭ አይጥ ነው።

መጀመሪያ፣ ሰውነት ምን ያደርገዋል?

እጃችሁን ቅቤ ሲነካው ውኃ ብቻውን አያስለቅቀውም። ሳሙና ወይ እንዶድ ይፈልጋል። ኩላሊትም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ስብ ወዳድ ኬሚካል ተጣርቶ ወደ ሽንት ቢገባ እንኳ፣ በኩላሊት ቱቦዎች ግድግዳ በኩል ሾልኮ ወደ ደም ይመለሳል። ስለዚህ ጉበት ኬሚካሉን ውኃ ወዳድ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያው ኦክስጅን ይጨምርበታል፤ ይህን በዋናነት የሚሠሩት ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉት ኤንዛይሞች ናቸው። በሁለተኛው በዚያ በተከፈተው ቦታ ላይ ውኃ የሚወድ ነገር ይለጥፍበታል። ግሉኩሮኒክ አሲድ፣ ሰልፌት፣ ግሉታታዮን ወይም ግላይሲን ሊሆን ይችላል።

ቶሉኢንን ውሰዱ። ቀለም ቀቢዎች ቲነር የሚሉት ውስጥ፣ ማስቲሽም ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ። ሰውነት ሲገባ መጀመሪያ ቤንዛይል አልኮል ይሆናል፣ ከዚያ ቤንዛልዲሃይድ፣ ከዚያ ቤንዞይክ አሲድ። በመጨረሻም ቤንዞይክ አሲዱ ላይ ግላይሲን ይለጠፍበትና ሂፑሪክ አሲድ ሆኖ በሽንት ይወጣል። ቲነር ሲተነፍስ የዋለ ሠራተኛ ሽንቱ ውስጥ ሂፑሪክ አሲድ የሚለካው ለዚህ ነው።

የእኛ ሶዲየም ቤንዞኤት የቶሉኢንን መንገድ ከግማሹ ነው የሚጀምረው። ለጀማሪ በቀጥታ ቶሉኢን አልመክርም። ይተናል። የተወሰነው ሳይለወጥ በትንፋሽ ይወጣል። ትንፋሹን የሚያጠምድ መሣሪያ ከሌላችሁ ሒሳቡ መቼም አይዘጋላችሁም። ቤንዞኤት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ በር፣ በሽንት ይወጣል። አብዛኛውም በ24 ሰዓት ውስጥ። መጀመሪያ አንድ በር መጠበቅ እንልመድ።

ታሪኩም ደስ ይላል። ይህ ሥራ የተጀመረው በአይጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቪልሄልም ኬለር የሚባል ጀርመናዊ ቤንዞይክ አሲዱን ራሱ ዋጠና በራሱ ሽንት ውስጥ ሂፑሪክ አሲድ አገኘ። እናንተ ግን እንዳታደርጉት።

1. ፈቃድ

አይጥ ከማዘዛችሁ በፊት የተቋማችሁ የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የሙከራ ዕቅዳችሁን፣ ይፈቅድ። እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት ጥያቄዎች ዛሬም የሚቀርቡላችሁ ናቸው። እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት ይቻላል? ቁጥሩን መቀነስስ? ሥቃዩንስ ማቅለል? በዚህ ሙከራ ለመጨረሻው ጥሩ መልስ አላችሁ፤ የምትፈልጉት ሽንት ስለሆነ አይጡን መግደል አያስፈልግም።

ለቁጥሩ የኦኢሲዲን (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን) የኬሚካል ምርመራ መመሪያ 417 ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ በ2010 የታደሰ ነው። ለአንድ ዶዝ ቢያንስ 4 ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው እንስሳት ይላል። ወጣት ጎልማሳ፣ ክብደታቸውም የተቀራረበ ይሁን።

2. ኬጁ

ሜታቦሊክ ኬጅ የሚባለው ነገር በስሙ አያስፈራችሁ። ወለሉ የሽቦ ወንፊት የሆነ ሳጥን ነው። ከሥሩ ፈነል አለ። ከፈነሉ ሥር ሽንቱን ወደ አንድ ዕቃ፣ ሰገራውን ወደ ሌላ የሚለይ ነገር አለ። በቃ ይኸው ነው።

ወንፊቱ ሌላም ጥቅም አለው። አይጥ የራሱን ሰገራ ይበላል። ገለባ ላይ ከተኛ በሰገራ የወጣው ኬሚካል ተመልሶ በአፉ ይገባል፤ አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። ወንፊት ላይ ግን አብዛኛው ሰገራ ወዲያው ወደ ታች ይወድቃል።

መኖውና የውኃ ጠርሙሱ ከፈነሉ ውጭ ቢሆኑ ነው የሚሻለው። የመኖ ዱቄት ሽንቱ ውስጥ ከገባ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ውጤቱንም ይበክላል። ጠርሙሱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ 10 ሚሊሊትር የሚጠበቀው ሽንት 30 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሄኛው ግን ሒሳባችሁን በጠቅላላ ሚሊግራም እስከሠራችሁ ድረስ አያስደነግጥም። ሽንቱ ቢቀጥንም ሂፑሪክ አሲዱ ያው ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በሚሊሊትር ውስጥ ያለውን መጠን ብቻ ይዘው ሲያወዳድሩ ነው። ሁልጊዜ በጠቅላላው የሽንት መጠን አባዙት።

3. አይጥ የሌለበት ሙከራ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር። አሁን ግን አንድ ሳምንት ብቻ ጊዜ ቢኖራችሁ ሁለት ቀኑን እዚህ ላይ አውሉት እላለሁ።

ባዶውን ኬጅ አስቀምጡ። ዶዝ ካልተሰጠው አይጥ 10 ሚሊሊትር ሽንት ውሰዱና በትክክል 40 ሚሊግራም ሂፑሪክ አሲድ አሟሙበት። አልሟሟም ካላችሁ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ በሲሪንጅ፣ አይጥ እንደሚሸናው፣ በትንሽ በትንሹ ወንፊቱ ላይ ጣሉት። አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት ከሥር የተሰበሰበውን ለኩ፤ 40ው ሳይጨመር ሽንቱ ውስጥ የነበረውን ሂፑሪክ አሲድም ቀንሱለት።

40 አታገኙም። ወንፊቱ ላይ የደረቀ አለ፤ ፈነሉ ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ የተጋገረ አለ። ጣታችሁን ብታስኬዱበት ጨው የነካችሁ ይመስላችኋል። በእኛ ሙቀት ደግሞ ሽንት ቶሎ ይደርቃል። አሁን ወንፊቱንና ፈነሉን በ20 ሚሊሊትር የተጣራ ውኃ እጠቡ፣ እጣቢውን ለብቻው ለኩ። እንደገና በሌላ 20 እጠቡ፣ እሱንም ለብቻው። በሁለተኛው እጣቢ ምንም ካልተገኘ አንድ እጥበት ይበቃችኋል። ከተገኘ ሁለት ጊዜ እያጠባችሁ ትሠራላችሁ። ሽንቱና እጣቢው ተደምረው 40 አካባቢ ካልደረሱ ኬጃችሁ ሌባ ነው። አይጥ አታስገቡበት።

4. የመነሻ ቀን

አይጦቹ ከመጡ በኋላ ቢያንስ 5 ቀን ክፍሉን ይልመዱ። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ኬጁን ይልመዱ። አዲስ ቦታ የገባ አይጥ ደንግጦ በደንብ አይበላም፣ አይጠጣም።

ቀጥሎ ዶዝ ሳይሰጥ አንድ ሙሉ ቀን ሽንት ሰብስቡ። ለምን? ምንም ያልተሰጠው አይጥም ሂፑሪክ አሲድ ይሸናል። ዕፅዋት ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖሎችን የአንጀት ባክቴሪያ ሲሰባብራቸው ቤንዞይክ አሲድ ይወጣል፤ ጉበት ደግሞ ያንኑ ግላይሲን ይለጥፍበታል። የኬሚካሉ ስም ራሱ በግሪክኛ ፈረስ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ከፈረስ ሽንት ነበርና። ቀኑን ሙሉ ሣር ሲያኝክ የሚውል የጋሪ ፈረስ ይህን አሲድ በብዛት ያመርታል። ቡና የሚጠጣ ሰውም ያው ነው። የዘጌን ቡና ሦስተኛውን ስኒ ጠጥታችሁ የራሳችሁን ሽንት ብትለኩ ቲነር የሸተታችሁ ሊመስል ይችላል።

የመነሻው ቀን ከዶዙ ቀን ጋር በሁሉም ነገር አንድ ይሁን። መኖው ከአንድ ጆንያ ይውጣ። በዶዙ ዋዜማ መኖ ከከለከላችሁ በመነሻውም ዋዜማ ከልክሉ። በዶዙ ቀን ዶዝ ከሰጣችሁ ከ4 ሰዓት በኋላ መኖ ከመለሳችሁ፣ በመነሻውም ቀን በዚያው ሰዓት መልሱ። በመነሻውም ቀን ኬጁን እጠቡ። አንዱ ልዩነት ቤንዞኤቱ ብቻ መሆን አለበት።

5. ዶዝ መስጠት

200 ሚሊግራም በኪሎ ይበቃል። በአይጥ ላይ መርዛማ ከሚሆነው መጠን በጣም ያነሰ ነው፤ ለመለካት ደግሞ በቂ ነው። 20 ሚሊግራም በሚሊሊትር የሆነ ውሕድ በተጣራ ውኃ አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደት 1 ሚሊሊትር ትሰጣላችሁ። 200 ግራም የሚመዝን አይጥ 2 ሚሊሊትር፣ ማለትም 40 ሚሊግራም ይወስዳል።

የሚሰጠው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መርፌ፣ በአፍ በኩል ጨጓራ ውስጥ ነው። ይህን ከጽሑፍ መማር አይቻልም። ብዙ ጊዜ የሠራ ሰው ፈልጉ። እጁን አስቀድሞ እጃችሁ ላይ ያድርግ፤ አይጡ እንዴት እንደሚያዝ፣ መርፌው ሲዋጥ ምን እንደሚሰማ ያሳያችሁ። መርፌውን ከአፉ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት በውጭ ለክታችሁ ምልክት አድርጉበት። መንገዱ እምቢ ካለ በጭራሽ አትግፉ። ሳምባ ውስጥ የገባ ፈሳሽ አይጡን ይገድለዋል።

ሲሪንጁን ከመስጠታችሁ በፊትና ከሰጣችሁ በኋላ ሚዛን ላይ አድርጉት። ልዩነቱ ትክክለኛው ዶዝ ነው። ሲሪንጅ ላይ ያለው መስመር 2 ሲል 1.9 ሊሆን ይችላል። የገቢው ዓምድ ከጅምሩ ከተሳሳተ የወጪውን ማስተካከል አይቻልም።

6. መሰብሰብ፣ ሰዓቱና ፍሪዘሩ

ዶዙን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስጡ። ከዚያ በ6፣ በ12፣ በ24 እና በ48 ሰዓት ሽንት ትሰበስባላችሁ። ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን ጠዋት። የማታውን ዙር አትዝለሉት። አይጥ የሌሊት እንስሳ ነው፤ ቀን ይተኛል፣ አብዛኛውን የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚሸናው ሲመሽ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቱቦው ባዶ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ።

አሁን የእኛ አገር ችግር። ቱቦ ላይ «3 ሰዓት» ብላችሁ ስትጽፉ ምን ማለታችሁ ነው? ዶዝ ከተሰጠ ከ3 ሰዓት በኋላ? የጠዋቱ 3? የምሽቱ 3? ወይስ ኮምፒውተሩ 3 የሚለው፣ ማለትም የኛ 9 ሰዓት? አንድ ጊዜ እኔ ጽፌው ጓደኛዬ በሌላ አንብቦት ሁለት ቱቦዎች ተቀላቀሉ። ከዚያ ወዲህ የሰዓቱን ስም ቱቦ ላይ አልጽፍም። «አይጥ 2፣ ከ6 እስከ 12» ብቻ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዶዙ ጀምሮ የተቆጠረ ነው። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም በደብተር ላይ፣ በአንድ አቆጣጠር ብቻ። ማርከሩ ደግሞ ውኃ የማያስለቅቀው ይሁን፤ ፍሪዘር ውስጥ ፕላስተር ይላቀቃል።

ወደ ባክቴሪያው እንመለስ። ሂፑሪክ አሲድን ብዙ ባክቴሪያዎች ይሰብሩታል። መልሰው ቤንዞይክ አሲድና ግላይሲን ያደርጉታል፤ ጉበቱ የለፋበትን ያፈርሱታል ማለት ነው። የሰብሳቢውን ቱቦ በረዶ ያለበት አይስቦክስ ውስጥ ትከሉት። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሁለት ፍሬ የታይሞል ክሪስታል ቱቦው ውስጥ ጣሉ፤ ባክቴሪያውን ያግዳል። በየዙሩ መጠኑን ለኩ፣ ለሁለት ክፈሉና ወዲያው ወደ ፍሪዘር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ። ለሁለት የምትከፍሉት አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ሁለቱን አንድ ፍሪዘር ውስጥ ካስቀመጣችሁ ግን ምን ዋጋ አለው?

የኔ ሙከራ የተበላሸው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ። እሑድ ማንም ላብራቶሪ አልገባም። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ፍሪዘሩ እየሠራ ነው፤ ቱቦዎቹም ደርቀው እንደ ድንጋይ ሆነዋል። ሁሉም ደኅና መሰለኝ። ስንለካ ግን ሂፑሪክ አሲዱ ከግማሽ በታች ሆነ፤ በሽንት ውስጥ መኖር የሌለበት ያህል ብዙ ቤንዞይክ አሲድ ደግሞ ብቅ አለ። ቀልጦ እንደገና የበረደ ሽንት ነበር። አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ግማሽ ድረስ ውኃ የሞላ ትንሽ ብልቃጥ አቁሜ አቀዘቅዛለሁ፤ በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጣለሁ። ሳንቲሙ ከላይ ካለ ፍሪዘሩ አልቀለጠም። ታች ከወረደ መብራት ሄዶ ነበር። ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም።

አሲድ ጨምረን ባክቴሪያውን እንግደለው የሚሉም አሉ። ለዚህ ሙከራ አይሆንም። ሂፑሪክ አሲድ በአሲዳማ ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ መርፌ መርፌ የመሰለ ክሪስታል ሆኖ ታች ይዘቅጣል። እናንተ ከላይ ያለውን ትቀዳላችሁ፣ ሀብቱ ታች ይቀራል። ያለ አሲድም ቢሆን ከፍሪዘር የወጣን ቱቦ ለብ ባለ ውኃ አሙቁት፣ በደንብ ናጡት፣ ታቹንም እዩት። ነጭ ነገር ካለ ገና ነው።

በ24 እና በ48 ሰዓት ኬጁን እጠቡ፣ እጣቢውንም እንደ ሽንት ቁጠሩት።

7. መለካት

ኤችፒኤልሲ፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀሉ ኬሚካሎችን የሚለያይ መሣሪያ፣ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ሂፑሪክ አሲድንና ቤንዞይክ አሲድን ለየብቻ ያሳያችኋል፤ የመብራት መጥፋት ጣጣም የሚጋለጠው በእሱ ነው።

ከሌላችሁ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ቀለም ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ፣ ይበቃል። 0.5 ሚሊሊትር የቀጠነ ሽንት፣ 0.5 ሚሊሊትር ፒሪዲን፣ 0.2 ሚሊሊትር ቤንዚንሰልፎኒል ክሎራይድ። ቀላቅሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። 5 ሚሊሊትር ኤታኖል ጨምሩ፣ ሴንትሪፉጅ አድርጉ፣ ጥርት ያለውን በ410 ናኖሜትር አንብቡ። ቀለሙ ከቢጫ ወደ ብርቱካን ያዘነብላል። የታወቀ መጠን ያለው ሂፑሪክ አሲድ ከ0.1 እስከ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ደርድራችሁ መስመራችሁን ሥሩ፤ የአይጡ ሽንት ከዚያ በላይ ከሆነ አቅጥኑት።

ፒሪዲን የከረመ ዓሣ ይሸታል። ጣና ዳር ያደገ ሰው ለዓሣ ሽታ እንግዳ ስላልሆነ ሊንቀው ይችላል። አትናቁት። መርዛማ ነው፣ በእሳትም ይያያዛል። ሥራው በጭስ መሳቢያ ሥር ብቻ። ሁለተኛው ኬሚካል ቆዳ ያቃጥላል። ያለቀውን በተዘጋ ጠርሙስ ሰብስባችሁ «የፒሪዲን ቆሻሻ» ብላችሁ ጻፉበት። ሲንኩ ውስጥ አይደፋም። የባሕር ዳር ሲንክ በመጨረሻ ወዴት እንደሚያመራ ካርታ ማየት አያስፈልጋችሁም።

8. ሒሳቡ

40 ሚሊግራም ሶዲየም ቤንዞኤት ሁሉም ቢለወጥ ስንት ሂፑሪክ አሲድ ይሆናል? የሞለኪውል ክብደታቸው 144.1 እና 179.2 ነው። 40 ሲባዛ በ179.2፣ ሲካፈል ለ144.1፣ 49.7 ሚሊግራም። ይህ ጣሪያው ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ እነዚህን ቁጥሮች እንውሰድ። በመነሻው ቀን ሽንትና እጣቢ ተደምሮ 6 ሚሊግራም። በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ 47፣ እጣቢው 4። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ተደምሮ 7።

መጀመሪያው ቀን 51 ሲቀነስ 6፣ 45። ሁለተኛው ቀን 7 ሲቀነስ 6፣ 1። ድምሩ 46። ለ49.7 ስናካፍለው 92.6 በመቶ ገደማ። ጥሩ ነው።

አሁን እጣቢውን እርሱት። 42 ይቀራል፣ 84.5 በመቶ። «ቤንዞኤት 15 በመቶው ሰውነት ውስጥ ይቀራል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ያ 8 በመቶ ግን ፈነሉ ላይ ደርቆ ነበር። ወይም መነሻውን መቀነስ እርሱት። 58 ይሆናል፣ ወደ 117 በመቶ። አይጡ ከሰጣችሁት በላይ መለሰ ማለት ነው። ይህኛው ስሕተት ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። የመጀመሪያው ነው አደገኛው፤ እውነት ይመስላል።

ሁለቱ ስሕተቶች አንድ ላይ ከተሠሩ ደግሞ ተቻችለው ቆንጆ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ቁጥሩ ማማሩን አትዩ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ደረጃ መሥራታችሁን እዩ።

ጊዜና ፈቃድ ካላችሁ በሌላ ቡድን ከፍ ያለ ዶዝ ሞክሩ። ግላይሲን አያልቅም የሚባል ነገር አይደለም። ብዙ ቤንዞኤት በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሰውነት ያለውን ግላይሲን ይጨርሳል፤ የሂፑሪክ አሲዱ ድርሻ ይቀንስና የተረፈው ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። በሐኪም ቤት ይህንኑ መንገድ ይጠቀሙበታል፦ ዩሪያ መሥራት በማይችሉ ሕፃናት ደም ውስጥ አሞኒያ ሲከማች ሶዲየም ቤንዞኤት ይሰጣል፤ ቤንዞኤቱ በግላይሲን ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል።

9. ወደ ከባዶቹ ስትሄዱ

በቤንዞኤት እጃችሁ ከተፍታታ በኋላ ሌላ ኬሚካል ስትይዙ በሮቹ ይበዛሉ። ቶሉኢን ከሆነ ኬጁ አየር የማያሾልክ የመስታወት ሳጥን ይሆናል፤ የሚወጣው አየር ኬሚካሉን በሚይዝ ከሰል ውስጥ ያልፋል። ጨረር በሚያመነጨው ካርቦን 14 ምልክት የተደረገበት ኬሚካል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዝ አልካሊ ይጨመርበታል። ከበድ ያሉ ሞለኪውሎች ደግሞ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወጣሉ። በአይጥ ላይ መስመሩ 325 ገደማ በሆነ የሞለኪውል ክብደት ላይ ነው፤ በሰው ከዚያ ከፍ ይላል። ስለዚህ በአይጥ ሰገራ የወጣው ሁሉ በሰውም በሰገራ ይወጣል ማለት አይደለም። ራት የሐሞት ከረጢት እንኳ የለውም፤ ሐሞቱ ሳይጠራቀም በቀጥታ ይፈስሳል።

እንስሳው ሲቀየር መንገዱም ይቀየራል። ለዶሮ ቤንዞይክ አሲድ ብትሰጡ ግላይሲን አትለጥፍበትም፤ ኦርኒቲን ነው የምትለጥፈው። ድመት ፌኖልን የመሰሉ ነገሮችን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ማጣበቅ ይቸግራታል። ውሻ አንዳንድ አሚኖች (ናይትሮጅን ያለባቸው ኬሚካሎች) ላይ አሴቲል የሚባለውን መለጠፍ አይችልም።

መመሪያ 417 ከተሰጠው 90 በመቶ እስኪመለስ ወይም 7 ቀን እስኪሞላ፣ ከሁለቱ የቀደመው እስኪደርስ፣ ሰብስቡ ይላል። ለቤንዞኤት አንድ ቀን በቂ ነበር። ዲዲቲን አስቡ። ለወባ ትንኝ ለብዙ ዓመታት በቤታችን ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረው ነው። ሰውነት ጥቂቱን ዲዲኤ ወደሚባል አሲድ ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል። ሌላው ዲዲኢ ሆኖ ወይም ሳይለወጥ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፣ በወተትም ይወጣል። የዓሣ ስብ ውስጥም የሚፈለገው ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ኬሚካል በ7ኛው ቀን ሽንቱ ባዶ ቢሆንም ደብተሩ አይዘጋም። ኮሚቴው በፈቀደው መንገድ አይጡን ከሸኛችሁ በኋላ ጉበቱን፣ ኩላሊቱንና ኩላሊቱን የከበበውን ስብ ለየብቻ መዝኑ። ከስቡ አንድ ግራም ወስዳችሁ ከቀረው አስከሬን ለይታችሁ አቀዝቅዙ። ብልቃጧንና ሳንቲሟን አትርሱ።